ጣልቃ ገቡ ቻርጀር

እናቴ ሥራዬን ለሰው የምታስረዳው በከሚሴ መናኸሪያ ቋንቋ ነው። «የመርከብ ረዳት ነው» ትላለች። በእሷ ሐሳብ መርከብ ማለት ትልቅ የጭነት መኪና ነው። ሾፌር አለው፣ ጭነት አለው፤ እንግዲህ ልጇ ሾፌሩ ካልሆነ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጅቡቲ፣ ጅዳ፣ ሙምባይ» እያለ የሚጣራው እሱ መሆን አለበት። ላርማት ያልሞከርኩበት ጊዜ የለም። «እማ፣ እኔ እኮ የመርከቡን ሬዲዮ፣ ራዳሩን፣ አንቴናውን ነው የምጠግነው» እላታለሁ። ትንሽ ታስብና «ታዲያ እሱ ረዳት አይደለም ወይ?» ትለኛለች። አሁን አሁን መከራከሩን ትቼዋለሁ።

ባሕር የሚያውቀው የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲተኛ ብቻ የሆነ ከተማ ልጅ እንዴት መርከበኛ ሆነ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ታሪኩ ማስታወቂያ ወጣ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ ነው። የባሕር ፍቅር፣ የማዕበል ጥሪ ምናምን የለበትም። ማዕበል ሲነሳ እንደማንኛውም ሰው ያስመልሰኛል። ከሥራው ሁሉ ከልቤ የምወደው አንድ ነገር ቢኖር ጫጫታ ማደን ነው።

የመርከብ ሬዲዮ ጆሮው ቀጭን ነው። ከሩቅ የሚመጣ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ወይም የጭንቅ ጥሪ እንዲሰማ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ እዚያው መርከቡ ላይ የሚነሳውንም ኮተት ሁሉ ይሰማል። መርከብ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ብረት ነው፤ ጨው ሲልስ የሚውል ብረት። የዛገ ሰንሰለት ከዛገ መንጠቆ ጋር የተገናኘበት ቦታ የራሳችን ማሰራጫ የለቀቀውን ሞገድ ይቀበልና ባልተባለበት መስመር መልሶ ይተፋዋል። ሐሜተኛ ጎረቤት ማለት ነው፤ የሰማውን እንዳለ አይናገርም፣ ለውጦ ነው የሚያወራው። አስተማሪያችን ይህን ነገር ጫጫታ ስንለው ይቆጣን ነበር። «ጫጫታ የገበያ ነው። በሙያችን ጣልቃ ገብ ነው የሚባለው» ይለናል። እኛም ጣልቃ ገብ ማለት ለመድን፤ ጣልቃ ገቡን ፈልግ፣ ጣልቃ ገቡን አግኘው፣ ጣልቃ ገቡን አጥፋ። ቃሉን እኔ እንዳላመጣሁት ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

አንድ ጊዜ ከቀይ ባሕር ወጥተን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ፣ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ የምንቀበልበት ሬዲዮ መርከቡ ባዘነበለ ቁጥር ይንጫጫ ጀመር። ካፒቴኑ አንቴናው ተበላሽቷል አለ። ካፒቴን ማለት የማያውቀውን ነገር በእርግጠኝነት እንዲናገር የተፈቀደለት ሰው ነው። እኔ በተማርኩት መንገድ ሄድኩ፤ የመርከቡን ዕቃ አንድ በአንድ እያጠፉ ማዳመጥ። የማዕድ ቤቱን ማቀዝቀዣ ሳጠፋ ወጥ ቤቱ ጭልፋ ይዞ አባረረኝ። የመተላለፊያውን መብራት ሳጠፋ አንድ ሰው ደረጃ ስቶ እስከ ቅድመ አያቶቼ ሰደበኝ። ጫጫታው ግን ያው ነው። በመጨረሻ ትንሽ ሬዲዮ በእጄ ይዤ ውጭውን ስዞር፣ አንቴናው ሥር ካለው የብረት አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሰንሰለት አገኘሁ። መርከቡ ሲያዘነብል የዛገው ቀለበት ከዛገው መንጠቆ ጋር ይፋተጋል። ዝገቱን ፍቄ፣ ሰንሰለቱን በጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ ከመርከቡ አካል ጋር አሰርኩት። ሬዲዮው ጸጥ አለ። ካፒቴኑ መጥቶ አዳመጠና «ጥሩ» አለኝ። ከእሱ አፍ ጥሩ የሚባል ቃል መውጣቱ ራሱ እንደ ሽልማት ይቆጠራል።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔም ይህን ያበጠ ጭንቅላት ይዤ ለዕረፍት ከሚሴ ገባሁ።

ቤታችን ሬዲዮ የአባቴ ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ፣ አሁንማ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አልፎ አያይም፣ ቀኑን የሚከፍልለት ሶላትና ሬዲዮ ሆነዋል። ሬዲዮዋ አሮጌ ናት። አንቴናዋ ከእኛ ቆርቆሮ ተነስቶ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ የጎረቤታችን የማንጎ ዛፍ ላይ የታሰረ ሽቦ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ለሥራ ተመድቦ ከሚሴ ሲመጣ ጠጉሩ ጥቁር ነበር ይላሉ፤ እኔ ከማውቀው ጊዜ ጀምሮ ግን ነጭ ነው። ሚስቱን ቀብሮ፣ ልጁን አዲስ አበባ ድሮ፣ ብቻውን ይኖራል። ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ሲያልቅ፣ ከከተማ ይመለስና እኛ ቤት ይመጣል። አባቴ ጫቱን ይቅማል፤ ጋሼ ጾሙንም ፍስኩንም የሚያከብር ኦርቶዶክስ ስለሆነ አይቅምም፣ ግን ወሬ ሲሞቅ የአባቴን ጫት እየቀነጠሰ ለአባቴ ያቀብለዋል። አብረው ዜና ይሰማሉ። የኦሮምኛው ዜና ሲመጣ አባቴ ለጋሼ ይተረጉምለታል። የራሱን አስተያየት ስለሚጨምርበት ትርጉሙ ሁልጊዜ ከዜናው ይረዝማል። ጋሼ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ የሚችለው ኦሮምኛ ሰላምታና ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ በግ መጠየቂያ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በጉን ያስወድድበታል።

አባቴ «ኦቦሌሳ» ይለዋል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ጋሼ ደግሞ አባቴን «ሐጂ» ይለዋል። አባቴ ሐጅ አላደረገም። ጋሼ ግን «ማዕረጉን አስቀድሜ ሰጥቼሃለሁ፤ መሄዱን አንተ ጨርስ» ይላል።

ዕረፍቴ ገና ሲጀምር እናቴ ክሷን አቀረበች። ሬዲዮዋ በየቀኑ ትጮኻለች አለችኝ። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ጋሼ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ እንደ ተርብ ቀፎ መነዝነዝ ትጀምራለች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ዜናው እንዲሰማቸው ድምፁን ስለሚከፍቱት የእናቴ ራስ ይፈነዳል። «አንተ የመርከብ ሬዲዮ ትሠራለህ ይሉሃል፤ ይቺን የአባትህን ጉድ ዝም አታሰኝም?» አለችኝ።

አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ «ተዋት፣ እኔን አላስቸገረችኝም» አለ።

የሽማግሌ ይሉኝታ መሰለኝ። ሽማግሌ እግሩ ተሰብሮም አላመመኝም ይላል። ስለዚህ አልሰማሁትም።

ሥራዬን በመርከቡ ሕግ ጀመርኩ። ፍሪጁን ነቀልኩ። እናቴ «ሥጋውን ልታበሰብሰው ነው» ብላ መልሳ ሰካችው። አምፖሎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። የራሴን ስልክ ቻርጀር ነቀልኩ። የቆርቆሮውን የዛገ ሚስማር ሁሉ ልብስ ማስጫ ሽቦው እንዳይነካው አድርጌ ለየሁት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያው መነዝነዝ። እናቴ በመጨረሻ ምስሯን እየለቀመች «መብራት ሲጠፋ እኮ ደህና ትሆናለች» አለች። ይህን ቀድማ ብትነግረኝ ፍሪጁም ባላጣላን ነበር። ሬዲዮዋ በባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው። መብራት ሲጠፋ የምትጠራ ከሆነ ጣልቃ ገቡ በመብራት የሚሠራ ነገር ነው፤ በእኛ ቤት ካልሆነ ደግሞ ከእኛ ጋር መስመር የሚጋራ ቤት ነው።

በማግስቱ ከመርከብ ያመጣኋትን ትንሿን ሬዲዮ ይዤ መሰላል አቆምኩና ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እንዲህ ያለች ሬዲዮ ሲያዞሯት ጫጫታው የሚደክምበት አቅጣጫ አላት፤ ከዚያ ተነስቶ ምንጩን መገመት ይቻላል። የአስር ሶላት አልቆ ሰዉ ከመስጊድ እየወጣ ነበር። በሰፈራችን መንገድ ሁሉም በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። ባጃጆች ቆመው ይጠብቃሉ። ሬዲዮዋ መነዝነዝ ጀመረች፤ አዞርኳት፣ ደግሜ አዞርኳት። ጥርጥር የለውም፤ ጋሼ ቤት ነው። በመርከብ ላይ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ያየውን ታች ላለው ሰው ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ነፋስ ስላለ በሹክሹክታ አይሆንም። ልማድ ሆኖብኝ ከሚሴ ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

«እማ፣ ጣልቃ ገቡ ተገኘ። ከጋሼ ቤት ነው።»

ሰዉ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደስ ብሎኝ እጄን አውለበለብኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሌ ከቆርቆሮው እስከ መናኸሪያው ድረስ እንዴት እንደሄደ በኋላ ነው የተረዳሁት። ጣልቃ ገብ የሚለውን ቃል የከሚሴ ሰው የሚያውቀው ከስብሰባና ከዜና ነው። ጣልቃ ገብ ማለት ከውጭ መጥቶ በማያገባው የሚገባ ነው፣ እጁ ይሰብሰብ የሚባል ነው። በመጀመሪያው ቀን ወሬው ጋሼ ቤት አንድ የተደበቀ መሣሪያ ተገኘ ነበር። በሁለተኛው መሣሪያው ወሬ የሚያቀብል ሬዲዮ ሆነ። ከዚያ መሣሪያው ጠፍቶ ቃሉ ብቻ ቀረ፤ መርከበኛው ልጅ ጋሼን ጣልቃ ገብ አለው። አንዱ ባለባጃጅ «ያን ጡረተኛ ምን አገኛችሁበት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው ጉዱን የሰማሁት። የዛገው ሰንሰለት ከዚህ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ታማኝ ነበር።

ጋሼ የጮኽኩበት ዕለት አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሬዲዮዋም አልነዘነዘችም። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ጫቱን ሳይነካ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቆየ። እናቴ ወሬውን ከወፍጮ ቤት ይዛ ስትመጣ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ብለህ ነው የጮኽከው?»

«ጣልቃ ገብ ነው ያልኩት አባ። የሬዲዮ ነው፣ የቴክኒክ ቃል ነው።»

«ያ ረቢ። በዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ፣ ከሌላ አገር መጥቶ ከእኛ ጋር ያረጀን ሰው፣ ጣሪያ ላይ ወጥተህ ጣልቃ ገብ ትለዋለህ?»

«እሱን አይደለም እኮ ያልኩት፤ ዕቃውን ነው።»

«ዕቃው ስም የለውም? ዕቃውን በስሙ አትጠራም ነበር?»

የዕቃውን ስም ያኔ አላውቀውም ነበር።

ተነስቼ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቶ በፈገግታ አስገባኝ። ይህ ነው ያስፈራኝ፤ ወሎ ውስጥ የተቀየመ ሰው እንደሚያስተናግደው የሚያስተናግድ የለም። ወንበሩን በጨርቅ ጠረገልኝ። ብርቱካን ላጠልኝ። የመርከቡን ደህንነት፣ የካፒቴኑን ጤና ጠየቀኝ። ወትሮ «ካፒቴን» እያለ ነበር የሚቀልድብኝ፤ ያን ቀን በሙሉ ስሜ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ቃሉ የቴክኒክ ቃል ነው።»

«ምንም አልተቀየምኩም» አለ። «በእኛም ቢሮ ሰው ሲባረር ሁልጊዜ ቃሉ የቴክኒክ ነበር።»

ተነሳና ከጠረጴዛው መሳቢያ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። የስልክ ቻርጀር ነው፤ ከባቲ ገበያ የተገዛ፣ ላባ የሚቀል፣ ውስጡ ምንም የሌለው የሚመስል። እንዲህ ያለው ርካሽ ቻርጀር መብራቱን ሲቆራርጥ የሚተፋውን ጫጫታ ማጣሪያ ስለሌለው ሽቦውን ሁሉ አንቴና ያደርገዋል። ዕቃው የገባው በባሕር እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ምናልባትም እኔው ራሴ በሠራሁበት መርከብ ላይ ተጭኖ ይሆናል።

«ይኸው ጣልቃ ገቡ» አለኝ። «ከከተማ ስመለስ የምሰካው ይህንን ብቻ ነው። ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት በገዛ እጄ አስረከብኩ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ላስተካክለው እችላለሁ። ጫጫታ የምታፍን አንዲት ጥቁር ቀለበት አለችኝ፣ ሽቦው ላይ…»

«አይ፣ አትቸገር። ስልኬን ከተማ አስሞላለሁ። ልጄም ብትደውል ብትደውል ይደክማትና ትተዋለች።» ብርቱካኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ብላ እንጂ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ እኔ የዚህ ሰፈር ሰው መስዬህ ነበር?»

የመጨረሻውን ያለው ለእኔ አይመስለኝም። አፈርኩ፤ ዕቃውን ይዤ ወጣሁ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሬዲዮዋ እንደ ውቅያኖስ መካከል ጠራች። በሙያዬ እንዲህ ያለ ጥራት ሰምቼ አላውቅም፤ ዜና አንባቢው ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። አባቴ ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ በዳበሳ ቁልፉን አግኝቶ ዘጋት።

«ለምን ዘጋሃት? ጠርታለች እኮ አባ።»

«ጠርታለች። ወላሂ እንዲህ ጠርታ አታውቅም።»

«ታዲያ?»

እናቴ ምስሯን መልቀም አቆመች።

«ያ ድምፅ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር» አለ አባቴ። «እሱ ሲነሳ ግን ኦቦሌሳ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ያንን ብቻ ነው የማውቀው። እስኪደርስ ዓይኔን እጠርጋለሁ፣ ጥምጣሜን አስተካክላለሁ። ሰው ድንገት አጠገቤ ቆሞ ሲያገኘኝ ደስ አይለኝም። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ሰው ሲመጣ የማየው በእሱ ነው።»

እኔ ለጭንቅ ጥሪ እየተባለ ስንት ባሕር ላይ ጫጫታ ያሳደድኩ ሰው፣ የገዛ አባቴ ከቤቱ መደብ ላይ የሚሰማውን አንድ ጥሪ ነቅዬ በፌስታል ይዤለት መጥቻለሁ። የተማርኩት ሁሉ ጫጫታውን ከምልክቱ መለየት ነበር፤ የማን ምልክት እንደሆነ መጠየቅ ግን በፈተናው ላይ አልነበረም።

«ዕቃው የት አለ?» አለ አባቴ።

ሰጠሁት። «ይቺን ቀለበት ልግጠምበት አባ፤ ስልኩም ይሞላለታል፣ ሬዲዮዋም አትጮኽም።»

«አትንካው።»

ቻርጀሩን ኪሱ ከተተ። ከዘራውን ይዞ ተነሳ። ልደግፈው ስነሳ እናቴ እጄን ያዘች። «ተቀመጥ። መንገዱን ያውቀዋል። አንተን ካየ ደግሞ ሰውዬው ቴክኒክ መጣ ብሎ አይከፍትም።»

አባቴ አጥሩን በእጁ እየዳሰሰ ወጣ። ከዘራው የጋሼን በር ሲነካ ሰማን። በሩ ሲከፈትም ሰማን። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ሆን ብሎ ከፍ አድርጎት ይሁን ወይም ከልቡ ሞልቶበት አላውቅም፣ አጥሩን አልፎ መጣ።

«ኦቦሌሳ፣ ሬዲዮዬ ዝም ብላብኛለች። ብቻዬን አልሰማትም። ይቺን ሰካልኝ። አፉ በለኝ፤ ልጁ ባሕር ላይ ስለሚኖር የሰው ቋንቋ ረስቶ ነው።»

ጋሼ ምን እንደመለሰ አልተሰማም። ድምፁ ሁልጊዜ የቢሮ ድምፅ ነው፤ ከጠረጴዛው አያልፍም። በሩ ተዘጋ። ሁለቱ ውስጥ ይሁኑ፣ አባቴ ውጭ ቀርቶ ይሁን መለየት አልቻልንም። እናቴ ምስሯን ወደ መልቀም ተመለሰች፤ ግን የለቀመችውን መልሳ ከጠጠሩ ጋር ስትደባልቀው አየኋት። እኔ ሬዲዮዋን ከፈትኩ። ዜና አንባቢው ስለ ማዳበሪያ ስርጭት ያወራል። እያንዳንዱ ቃል እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። እንደዚያ ቀን የጠራ ድምፅ ጠልቼ አላውቅም።

«አልተቀበለውም» አለች እናቴ። «እኔም ብሆን አልቀበልም።»

ማዳበሪያው አልቆ የዝናብ ዜና ተጀመረ። ሰውዬው ስለ ቆላማ አካባቢዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መካከል ላይ ሲደርስ ሬዲዮዋ መነዝነዝ ጀመረች፤ አንባቢውን ከነዝናቡ ዋጠችው።

«ሰካው» አለች እናቴ።

እኔም እጄን ሰድጄ ድምፁን ጨመርኩት።